ውሃ የጠጣ ግድግዳ

የብሎኬት ቤት ለመሥራት የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ውሃ ልክ ነው ይላሉ። ትዕግሥት የሌለውም ይሠራዋል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሥራ አንዱን የበላሁት ብሎኬት እየደረደርኩ ነው። የትምህርት ቤት ጂም ሠርቻለሁ፣ የመጋዘን ግድግዳ ሠርቻለሁ፣ መኪና ማጠቢያ ሠርቻለሁ። በገዛ ጓሮዬ ደግሞ ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል አቁሜአለሁ። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራባት እሷ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አላደረባትም። ለምን እንደሆነ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ሙያውን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አስተማረኝ አላልኩም። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የሚጠራ ግንበኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ የእሱ ቀን ሠራተኛ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አስቁሞ በባሬላ ሞርታር፣ በትከሻዬ ብሎኬት አሸከመኝ። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ይህንንም የእኔ ጥፋት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የግንበኛ ማንኪያውን ማጠብ እችላለሁ፤ በማንኪያው መገንባት ግን አልችልም። ሴት ያቆመችው ግድግዳ ቱንቢ አያውቅም ይል ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ሠራተኛው ምሳ ሲሄድ፣ አንድ ማዕዘን ላይ ሦስት ረድፍ ደረደርኩ። ለወራት በዓይኔ የሰረቅኩትን ሁሉ አወጣሁት። የብሎኬቱን ወፍራም ጎን ወደ ላይ አደረግኩ፤ ሞርታር የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። በየመጋጠሚያው አንድ ጣት የሚያህል ሞርታር ተውኩ። የላይኛውን ብሎኬት በታችኞቹ ሁለት መሀል አስቀመጥኩ፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከዋለ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። አባቴ ከምሳ ተመለሰ። ውሃ ልኩን አጋድሞ ለካ፤ አቁሞ ለካ። ቱንቢውን አወረደ። የውሃ ልኩ አረፋ ልክ መሀል ላይ ቆማ በዓይኔ አይቻታለሁ። ከዚያ ግንቡን በተረከዙ መትቶ ናደው።

«ይኼ ሰው ይገድላል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሠራተኞቹ።

ብሎኬቶቹ ላይ የተጣበቀውን ሞርታር በአሮጌ መዶሻ እያራገፍኩ እንዳጸዳቸው አስቀመጠኝ። እነሱ ቆሎ እየቆረጠሙ ያዩኛል። አንዱ ስለ እጄ ቀለደ፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አረፋዋ የቆመችበትን ቦታ እንኳ አልረሳሁም።

ሌላው ሥራዬ ግድግዳ ውሃ ማጠጣት ነበር። የአዲስ አበባ ፀሐይ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውሃውን ትመጠዋለች፤ ውሃ ያልጠጣ ግድግዳ በጥፍር ይፈረፈራል። ስለዚህ በየማለዳው ከሁሉም በፊት ደርሼ፣ ከበርሜል በጆግ እየቀዳሁ፣ አዲሱን ግድግዳ ሳምንት ሙሉ አጠጣለሁ። ጆንያ አልብሼም አረጥበዋለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎኝ አረፈድኩ። አባቴ በሰው ፊት በጥፊ መታኝና «ግድግዳ ሕፃን ነው፤ ረስተሽው እንዴት ተኛሽ?» አለኝ። ያን ቀን ትኩሳት ነበረብኝ። አልነገርኩትም፤ ቢሰማም ለውጥ አልነበረውም።

ካልጋሪ የመጣሁት ከባሌ ጋር ነው። ባሌ ኤድመንተን ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፤ ሥራው ሴት ሆና ተገኘች። እኔ ቢሮ ሳጸዳ ቆይቼ አንድ የግንብ ሥራ ድርጅት ውስጥ ሞርታር አላዋሽ ሆንኩ፤ ከዚያ ተለማማጅ፣ ከዚያ ቲኬቴን፣ የሙያ ማረጋገጫዬን፣ አውጥቼ ግንበኛ። የመጀመሪያውን ማዕዘን ሳቆም ማንም በእግሩ አልመታውም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እናቴ ስትሞት አባቴን አስመጣሁት። ሰባዎቹን አጋምሶ ነበር፤ ጉልበቶቹ አልቀዋል። ያለኝ ትርፍ ክፍል ቤዝመንት ነው፤ አሥራ ሦስት ደረጃ ይወረዳል። አንድ እጁን ግድግዳ ላይ፣ አንድ እጁን መደገፊያው ላይ አድርጎ፣ በየደረጃው እያረፈ ነበር የሚወጣው። ሲወጣ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳና «ካርቶን ውስጥ ነው የምትኖሩት» ይላል። ለአጥራችን ማዶ ጎረቤት፣ በአማርኛ ለተማሩት ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ይህንኑ ይደጋግምላቸዋል። እሳቸው ብርዱን የሚከላከለው በግድግዳው መሀል የታጨቀው ነገር ነው ብለው ቢያስረዱትም አይሰማም።

በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ሞርታር የጠጣ ቦት ጫማዬን አየና ለግንበኞቹ አቀብዬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ግንበኛዋ እኔ ነኝ አልኩት። ወደ ጎረቤታችን ዞሮ ፈገግ አለ፤ ልጅ የተናገረውን ቀልድ እንደሰማ ሰው። ከዚያ ስለ ሥጋ ቤት ማውራት ጀመረ፤ ፎረስት ሎን ሰፈር ያለው ሥጋ ጮማ የለውም አለ።

ጓሮ ውስጥ የብሎኬት ክፍል ለመሥራት የወሰንኩት በዚያው ሳምንት ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ሳቁብኝ፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር በእንጨት ነው የሚሠራው፤ ፈጥኖ ያልቃል፣ ይሞቃል። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለአባቴ ጉልበት ነው አልኳቸው፤ ደረጃ የሌላት፣ በሯ ከመሬት እኩል የሆነች ክፍል፣ በረዶ ሳይጥል። ተባረኪ አሉኝ። ይህም እውነት ነበር። የበለጠው እውነት ግን አባቴ ተቀምጦ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። አንዲት ቃል ነበር የምፈልገው። ግንበኛ ነሽ እንዲለኝ።

የግንባታ ፈቃዱን አውጥቼ በነሐሴ መጨረሻ መሠረት ቆፈርኩ። አባቴ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኖ ጉድጓዱን አየና ለአንድ ክፍል ይህ ሁሉ ምንድን ነው፣ ፎቅ ልትሠሪ ነው ወይ አለኝ። እዚህ መሬቱ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያብጥና ቤቱን ያነሳዋል። ስለዚህ መሠረት ብርዱ ከማይደርስበት በታች ነው የሚቀመጠው። ቆሜ ስለካው ከወገቤ በላይ ይደርሳል። አርማታውን አፈሰስኩ፤ ፌሮዎቹን ወደ ላይ ተውኳቸው፤ በብሎኬቱ ቀዳዳ አልፈው ግድግዳውን ከመሠረቱ ጋር እንዲያስሩት። መጀመሪያ ብሎኬቶቹን ያለ ሞርታር ደርድሬ ልኩን አየሁ። ከዚያ አራቱን ማዕዘን አስነሳሁ። ቤት ሁሉ ከማዕዘን ነው የሚጀምረው፤ ማዕዘኑ ከተጣመመ መሀሉን ማንም አያቃናውም።

አባቴን ሲባጎ አስያዝኩት። ከማዕዘን ማዕዘን የሚወጠረውን ሲባጎ መያዣ እንጨት ነበረኝ፤ ሰው አያስፈልገኝም ነበር። «ይያዙልኝ» አልኩት። ያዘልኝ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁ፤ ሆን ብዬ አንድ ብሎኬት ሁለቴ አነሳሁና መለስኩ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ለእሳቸው ወንበር አምጪላቸው አሉኝ። እሺ አልኩና ረድፉን ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከመሬት በታች ያለው ግንብ አልቆ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ተቆጣጣሪው አይቶ እስኪያልፈው መስከረም ተገባደደ። ከሥራ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ቅዳሜ ከታራዴል ሰፈር ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች መጡ፤ አንዱ ሞርታር አላወሰ፣ አንዱ ብሎኬት አቀበለ፣ እኔ ገነባሁ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላ በቲሸርት ነበር የምንሠራው። ቤቱን በዓለት ላይ ስለሠራው ልባም ሰው እየቀለዱ ከጠዋት እስከ ማታ ስድስት ረድፍ አወጣን፤ በአራቱም ጎን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እጄ ታዞልኝ አያውቅም።

ሊመሽ ሲል አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ግንቡን በዝግታ ዞረው። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ መዳፉን አሳረፈበት፤ በአንድ ዓይኑ ከላይ ወደ ታች አየው። እኔ ከመሣሪያ ቤቱ ወፍራሙን የግድግዳ ብርድ ልብስ እየጎተትኩ ነበር። እዚህ አገር አዲስ ግንብ በመጸውና በክረምት የሚሸፈነው በእሱ ነው፤ ሞርታሩ ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ አለቀለት፤ ቀን ቢወጣለትም አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ቆሜ ቃሉን ጠበቅኩ። ወንድሞችም የጠበቁ መሰለኝ።

«ጆንያ አልብሽውና ጠዋት ውሃ አጠጪው» አለ አባቴ።

በቃ። እዚህ ግድግዳ ውሃ አይጠጣም አልኩት። ግድግዳ ግድግዳ ነው አለኝ፤ ሸፍኚው፣ አጠጪው፣ እንደ ድሮው አትርሺ። እንደ ድሮው ሲል ጉንጬ ላይ ጥፊው ተሰማኝ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ከእጄ ለቀቅኩት።

«ሲስ፣ ፎርካስቱን ቼክ አድርገሻል?» አለኝ አንዱ ወንድም።

«ፕላስ ቱ ነው የሚለው፤ ከቨር አያስፈልገውም» አልኩት።

ትንበያው ፕላስ ቱ፣ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ፣ ይል የነበረው ጠዋት ሳየው ነው። ደግሜ አላየሁም። ሸፍኚው ስላለኝ አልሸፈንኩትም፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከማዕድ ቤቴ የቧንቧ ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። ተመልሼ ተኛሁ። ለቤተ ክርስቲያን ለመልበስ ስነሣ መስኮቱ ላይ በረዶ ሠርቷል። በፒጃማዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ነጭ ናቸው። ግድግዳዬ ግን ያበራል። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያለው በሙሉ በስስ በረዶ ተለብጧል። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ፣ ባልዲና የፕላስቲክ ጆግ ይዞ ቆሟል። ያን ባልዲ ሞልቶ ከማዕድ ቤት ወደ ጓሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላውቅም። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ በብርድ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሟል።

«አጠጣሁልሽ» አለኝ። «ትረሺያለሽ ብዬ ነው።»

ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። ለእኔ ሲል የሠራው ሥራ ሌላ አላስታውስም።

በሰሜን በኩል ዞርኩ። በዚያ ጎን አጥሩ ቅርብ ነው፤ የጣሪያው እንጨትም ተከምሮበታል፤ ጉልበት የሌለው ሰው አያልፍበትም። ባልዲው አልደረሰበትም። ግድግዳው ደረቅ ነው፤ አንዲት የውሃ ጠብታ የለበትም። መጋጠሚያው ላይ ጥፍሬን አሳረፍኩ። ሞርታሩ እንደ ቡላ ዱቄት ፈሰሰ። ሌላ ቦታ ነካሁ። ያውም ፈሰሰ። ስልኬን አወጣሁ፤ ሌሊቱን ማይነስ ስምንት ነበር። ግድግዳው የሞተው አባቴ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ነው፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። እዚያ አጥርና እንጨት መሀል ቆሜ ይህን ሁሉ አወቅኩ። ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

ከዚያ የሰሜኑን ግድግዳ ቶሎ ቶሎ በእጄ እየገፋሁ አወረድኩት፤ ደረቅ መሆኑን ማንም ሳያይ።

የሚወድቀውን ሰምተው ጎረቤታችን አጥሩ ጋ መጡ። ወንድሞችም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዱን መጥተው ስለነበር ሱፍ እንደለበሱ ወደ ጓሮ ገቡ። ሁሉም ያዩት የሚታየውን ነው፤ በረዶ የለበሰ ግድግዳ፣ ባልዲ የያዘ ሽማግሌ። እኔ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከደቡቡ ማዕዘን አንድ ብሎኬት በባዶ እጄ አንሥቼ አሳየኋቸው፤ ከታች አሸዋው ፈሰሰ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አሸዋውን በጣቶቹ አሸው። ሙያተኛ ነውና ገባው፤ ምን እንደሆነ ገባው፣ ለምን እንደሆነ ግን እኔ ነበርኩ የምነግረው።

የሆዴ ያን ቀን በአፌ ወጣ። «አንተ ነህ» አልኩት። «ይኼ ሰው ይገድላል።»

ግድግዳውን በእግሬ መታሁት። ልክ እሱ እንደመታው፣ በተረከዝ። ሦስት ረድፍ ወረደ። ቃሉን ያስታውሰው እንደሆነ ፊቱን አየሁ። ማስታወሱን አየሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እያልኩ ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ደረሰ፤ እንደጠበቅኩትም ጣፈጠኝ።

ጎረቤታችን «ልጄ፣ አባትሽ ናቸው» አሉኝ። ይተውኝ አልኳቸው። ወንድሞች ቤት እንግባ፣ እንጸልይ አሉ። እናንተ ሂዱ አልኳቸው። ሲሄዱ መዶሻውን አመጣሁና ባልዲውን ገልብጬ አባቴን አስቀመጥኩት፤ ብሎኬቱን አጽዳ አልኩት። ሞርታሩ የሞተ ስለሆነ ለማራገፍ አያስቸግርም ነበር። እስከ ከሰዓት በኋላ አራገፈ። ምሳ ሠርቼ ውስጥ በላሁ፤ በመስኮት እያየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ከዲርፉት አውራ ጎዳና የሚመጣውን የመኪና ድምፅ የሚያዳምጥ መሰለ፤ ከዚያ ቀጠለ። ሲጨርስ ብሎኬቶቹን በአሥር በአሥር ደርድሯቸው አገኘሁ፤ ወፍራሙ ጎን ወደ ላይ።

በሳምንቱ በረዶ ጣለ። ፈቃዴ አለቀ። ክፍሏ ለፀደይ ተላለፈች፤ አባቴም ቤዝመንት ከረመ። ጓሮውን የሚያሳየውን መስኮት መጋረጃ ራሱ ዘጋው። ስለ ካርቶን ቤት ማውራት ተወ፤ ስለ ምንም ነገር ማውራት ተወ። እውነቱን ልነግረው የምችልባቸው ብዙ ማለዳዎች ነበሩ። ሺፍት ነበረብኝ፤ ደክሞኝ ነበር፤ ይልቁንም ዝምታው ተመችቶኝ ነበር።

በጥር ከአሥራ ሦስቱ ደረጃዎች ላይ ወደቀ። ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ ለምን እንደወጣ አልተናገረም። ዳሌው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሞቹ ደረጃ ያለበት ቤት አይመለስም አሉ፤ ደረጃ የሌለበት ቤት አላችሁ ወይ ብለውም ጠየቁኝ። የለንም አልኩ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ገባ።

ክፍሏን በግንቦት ጨረስኳት። በየቀዳዳው ፌሮ አቁሜ አርማታ ሞላሁበት፤ ከላይ ዙሪያውን በአርማታ ቢም አሰርኩት፤ ውጭውን የብርድ መከላከያ ፎም አለበስኩት። ማታ ማታ ሸፈንኩት፤ ባያስፈልግም ሸፈንኩት። ተቆጣጣሪው ጥሩ ሥራ ነው አለኝ። አሁን የአትክልት መሣሪያና የአባቴ ሻንጣ ይቀመጥባታል።

አባቴ እንግሊዝኛ አልተማረም። ምግብ የሚያመጡለትን ልጆች በጣቱ እያመለከተ ነው የሚያናግራቸው። ባለፈው ወር ልጠይቀው ስሄድ አንዷ ተንከባካቢ በሩ ላይ አገኘችኝና ግንበኛ ነሽ አይደል አለችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። አባትሽ አለችኝ፤ ለሁሉም ሰው ነው የሚናገረው። ስገባ ከአጠገቡ አልጋ ላለው ሰውዬ በጣቱ እኔን እያሳየ ይናገር ነበር። ሊጠይቁት ከሚመጡት ጎረቤታችን ለምኖ ያጠናው ነው፤ ያለው እንግሊዝኛ ይኸው ነው።

«ማይ ዶተር፣ ጉድ ሜሰን። አይ ብሬክ ሃውስ።»

ልጄ ጥሩ ግንበኛ ናት፤ ቤቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ሲያየኝ አፈረ። ተቀመጥኩ፤ ብርቱካን ላጥኩለት። ማዕዘኑን በመዳፉ ነክቶት እንደነበር፣ አንድ ስሕተት እንዳላገኘበት፣ ያን ማታ ሊነግረኝ አስቦ አፉ እንዳልታዘዘለት ነገረኝ። ስሕተት ቢያገኝ ኖሮ መናገር አይከብደውም ነበር አለኝ። ጠዋት ውሃ አጠጥቼ ልነግራት ብሎ ነበር። ከዚያ እጄን ያዘ። እጁ ቀላል ሆኗል፤ መዳፉ ግን አሁንም ሻካራ ነው።

«ቤትሽን አፈረስኩብሽ» አለኝ። «ይቅር በይኝ።»

አፌ ላይ ነበር። የሰሜኑ ግድግዳ ደረቅ ነበር፤ አራት ቃል ነው። ግን ያን ከነገርኩት፣ ያ ግንበኛ ነሽ ያለው ሰው ምን ይለኛል? ዕድሜዬን በሙሉ የጠበቅኩትን ቃል ከእጄ ይወስደዋል ብዬ ፈራሁ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩት።

እንባው መጣ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ አለኝ። ብርቱካኑን በላ፣ ፍሬዎቹን በመዳፌ ላይ ተፋልኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ፍሬዎቹን ቅርጫት ውስጥ ጥዬ እጄን ታጠብኩና ወደ ሥራ ሄድኩ።